አይከኑን ከፍቼ ሳየው ፎልደር ሆኖ አገኘሁት

ነገሩ የጀመረው በስም ነው። የምሠራቸውን ፕሮጀክቶች ማስታወሻ በየፎልደሩ አስቀምጣለሁ፣ ስክሪንሾቱም፣ ግማሽ ላይ የቀረ ሐሳቡም፣ "በኋላ አየዋለሁ" ብዬ የተውኩት ሁሉ እዛ ነው የሚጠራቀመው፣ እና አንድ ማታ ማኬ ላይ አንዱን ፎልደር በፕሮጀክቱ ስም ልጥራው ብዬ መጨረሻው ላይ ነጥብ አፕ (.app) የሚል ጨመርኩበት። ኮምፒውተሩ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፣ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ሳላነበው እሺ አልኩት። ፎልደሩ ጠፋ። ማለቴ ቦታው ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል፣ ግን ፎልደር አይደለም፣ የአፕ አይከን የሚመስል ነገር ሆኖ ላዩ ላይ የክልክል ምልክት አለበት። ሁለቴ ክሊክ ሳደርገው "ይሄ አፕ ተበላሽቷል ወይም ያልተሟላ ነው፣ ሊከፈት አይችልም" የሚል መልእክት መጣ። አፕ? የምን አፕ? የስድስት ወር ማስታወሻዬ ነው'ኮ!

ስሙን መልሼ ለመቀየር እንኳን እጄ ፈራ፣ ይባስ ብዬ አበላሸዋለሁ ብዬ። ራይት ክሊክ አድርጌ ሜኑውን ሳይ "ሾው ፓኬጅ ኮንቴንትስ" የሚል ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው መስመር አለ፣ ነካሁት። ሁሉም እዛው ነው። አንድም ፋይል አልጎደለም፣ አንድም አልተነካም። የተቀየረው ስሙ ብቻ ነበር፣ በስሙ ምክንያት ደግሞ ኮምፒውተሩ ለኔ የሚያሳየኝ መልክ ተቀየረ።

ከዛ ሌላ ባዶ ፎልደር ፈጥሬ ያንኑ ደገምኩት፣ አሁን ግን ጥያቄውን አነበብኩት። ይሄን ኤክስቴንሽን (ስሙ መጨረሻ ላይ ከነጥብ በኋላ የሚመጣውን) መጨመር ትፈልጋለህ ወይ ይላል፣ ከጨመርክ ፎልደርህ እንደ አንድ ፋይል ሊታይ ይችላል ይላል። ተናግሯል'ኮ! ገበናውን በገዛ አፉ ነግሮኛል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። "እንደ አንድ ፋይል ይሆናል" አላለም ልብ በሉ፣ "ይታያል" ነው ያለው።

ለስንት ዓመት አፕ ማለት አንድ ድፍን ነገር ይመስለኝ ነበር። አይከኑን ጎትተህ አፕሊኬሽንስ ውስጥ ትጥለዋለህ፣ አለቀ፣ ኢንስቶል ሆነ። እንደዚህ ቀላል የሆነበት ምክንያት ምንድነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ምክንያቱ ይሄው ነው፣ የምጎትተው ነገር ፎልደር ነው፣ ጓዙን በሙሉ ጠቅልሎ ውስጡ የያዘ ፎልደር። ባንድል ይሉታል። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍታችሁ ብታዩት ምንም አይደብቅም፣ ሲዲ የሚለውን የመግቢያ ትእዛዝ ጽፋችሁ ሰተት ብላችሁ ትገባላችሁ። ፋይል የሚያስመስለው ፋይንደሩ ነው፣ ፋይሎቹን በመስኮት የሚያሳየን የማኩ ፕሮግራም። አፕ ብቻም አይደለም እንደዚህ የሚታየው፣ ፎቶዎቻችሁ የተቀመጡበት የፎቶስ ላይብረሪ አንድ ፋይል መስሎ የሚታይ ፎልደር ነው፣ ሥዕል ያለበት የቴክስትኤዲት ዶክመንትም አርቲኤፍዲ ሆኖ ሲቀመጥ እንደዛው።

እስቲ እውነተኛ አፕ ልይ ብዬ ካልኩሌተሩን ከፈትኩት። መጀመሪያ የምታገኙት አንድ ፎልደር ብቻ ነው፣ ኮንቴንትስ ይባላል። እሱ ውስጥ ማክኦኤስ የሚባል ፎልደር አለ፣ የሚሮጠው ፕሮግራም እዛ ነው። ሪሶርስስ የሚባል አለ፣ አይከኑ፣ ሥዕሎቹ፣ በየቋንቋው የተጻፉት ቃላት እዛ ናቸው። ኮድ ሲግኔቸር የሚባል አለ፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ ምክንያቱም አሳዝኖኛል። ሌሎች አፖች ላይ ፍሬምወርክስ የሚባልም አለ፣ አፑ ይዟቸው የሚዞራቸው ላይብረሪዎች (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ ኮዶች) የሚቀመጡበት። ከነዚህ መሀል ደግሞ ፒኬጂ ኢንፎ የምትባል ሚጢጢ ፋይል አለች፣ በውስጧ 8 ባይት ብቻ፣ የእንግሊዝኛ ኤ ፒ ፒ ኤል የሚሉ አራት ፊደሎችና አራት የጥያቄ ምልክቶች። ሳያት ሳቄ መጣ፣ የተበላሸ ነገር መስላኝ ነበር። አልተበላሸችም፣ ያረጀች ናት እንጂ። የድሮው ማክ እያንዳንዱን ፋይል በሁለት ባለ አራት ፊደል ምልክት ነበር የሚለየው፣ አንዱ ምን አይነት እንደሆነ፣ አንዱ ማን እንደፈጠረው። አይነቱ "አፕሊኬሽን"፣ ፈጣሪው "????"። የዛ ዘመን ቅሪት ናት፣ ማንም ብዙም አይጠይቃትም፣ ግን እስካሁን ትዞራለች።

ዋናው ግን ኢንፎ ፒሊስት የሚባለው ፋይል ነው። ፎልደሩ ስለራሱ የሚናገርበት ወረቀት በሉት። ስሜ ይሄ ነው፣ መታወቂያዬ ይሄ ነው (ኮም ነጥብ አፕል ነጥብ ካልኩሌተር አይነት፣ የድረ ገጽ አድራሻ ተገልብጦ የተጻፈ)፣ አይከኔ ያ ፋይል ነው፣ ከዚህ ቨርዥን በታች የሆነ ሲስተም ላይ አልሠራም፣ እነዚህን የፋይል አይነቶች መክፈት እችላለሁ፣ እና ከሁሉም በላይ፣ ሲነኩኝ መሮጥ ያለበት ፋይል ስሙ ይሄ ነው። የቨርዥን ቁጥር እንኳን ሁለት አለው፣ አንዱ ለሰው የሚታይ አንዱ የየቢልዱ (ኮዱ ወደሚሮጥ ፕሮግራም በተቀየረ ቁጥር የሚጨምር)፣ ለምን ሁለት እንደሆነ ሲያናድደኝ ኖሮ ለሰው 2.0 የምንለው ነገር ከመውጣቱ በፊት አርባ ጊዜ ቢልድ እንደሚደረግ ራሴ ሠርቼ ሳየው ገባኝ። አንድ ፋይል ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ "በምን ልክፈተው" ስትሉ የሚመጣው ዝርዝር ሲስተሙ ከነዚህ ወረቀቶች ለቃቅሞ የመዘገበው ነው። ለዚህም ነው አንዳንዴ አንዱ አፕ ሁለቴ ተደግሞ የሚታየው፣ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ኮፒው ተቀምጦ ወረቀቱ ሁለቴ ተነቦ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ ብዬ ትንሽ ወደኋላ ሄድኩ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ በእርግጥም አፑን አንድ ፋይል አድርጎት ነበር፣ ግን ፋይሉ ራሱ ሁለት ክፍል አለው፣ ዳታ ፎርክና ሪሶርስ ፎርክ። አይከኑ፣ ሜኑው፣ የመልእክቶቹ ጽሑፍ ሪሶርስ ፎርኩ ውስጥ ነው። አሪፍ ነበር፣ ችግሩ ሌላው ዓለም ስለ ፎርክ አያውቅም፣ ፋይሉ ወደ ሌላ አይነት ዲስክ ወይ ኔትወርክ ሲሄድ ግማሽ አካሉ እየቀረ ይሞታል። ስቲቭ ጆብስ በ1985 ከአፕል ወጥቶ ኔክስትን መሠረተ፣ በ1989 የወጣው ኔክስትስቴፕ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ መጣ፣ አፑ ፎልደር ይሁን፣ ውስጡ ያሉት ተራ ፋይሎች ይሁኑ፣ ተጠቃሚው ግን እንደ አንድ ይየው። አፕል በ1996 መጨረሻ ኔክስትን ሊገዛ ተስማማ፣ በ2001 ማክ ኦኤስ ኤክስ ሲወጣ ይሄ ፎልደርም አብሮ ገባ። በነገራችን ላይ ኔክስት ብቻውን አልነበረም፣ የእንግሊዙ አኮርን ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሪስክ ኦኤስም በ80ዎቹ መጨረሻ ይሄንኑ ያደርግ ነበር፣ እዛ የፎልደሩ ስም በቃለ አጋኖ (!) ከጀመረ አፕ ነው ማለት ነው፣ ሺፍት ይዛችሁ ሁለቴ ክሊክ ካደረጋችሁት ውስጡ ይከፈታል። ምስጢሩ በስም ላይ ነው እዛም።

ይሄን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ያ የማስታወሻ ፎልደሬ ሲያሳዝነኝ ጊዜ እንግዲህ አፕ ነኝ ካልክ አፕ ትሆናለህ አልኩት። ከውስጡ ኮንቴንትስ ፈጠርኩ፣ እሱ ውስጥ ማክኦኤስና ሪሶርስስ፣ ማስታወሻዎቹን በሙሉ ወደ ሪሶርስስ ወሰድኳቸው። ለሚሮጠው ፕሮግራም ደግሞ ሁለት መስመር ሼል ስክሪፕት (የተርሚናል ትእዛዞች የተጻፉበት ተራ ጽሑፍ) ጻፍኩ፣ የመጀመሪያው መስመር በምን እንደሚነበብ ይናገራል፣ ሁለተኛው "ኦፕን" ብሎ የማስታወሻውን ፋይል ይከፍታል። አዎ፣ ስክሪፕት ይበቃል፣ የግድ ኮምፓይል የተደረገ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየረ ነገር መሆን የለበትም። ኢንፎ ፒሊስቱን በእጄ ጻፍኩት፣ ስክሪፕቱን መሮጥ ይችላል የሚል ፐርሚሽን ሰጠሁት፣ ሁለቴ ክሊክ፣ ምንም። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት የፕሮግራም ስምና የፋይሉ ስም በአንድ ፊደል ይለያያሉ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ቤት ውስጥ የለም ማለት ነው። ሳስተካክለው ዶኩ (ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለው የአይከን ረድፍ) ላይ አንዴ ዘለለና ማስታወሻዬ ተከፈተ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፣ ሁለት መስመር'ኮ ነው፣ ግን አፕ ሠራሁ።

እና እንደ ማንኛውም ደስ ያለው ሰው ለጓደኛዬ ላክሁለት። ስህተቱ እዛ ላይ ይጀምራል።

የኔ ማክ በዛ ሰዓት ኢንተርኔት አልነበረውም፣ ስለዚህ በፍላሽ ወደ አንድ የዊንዶውስ ማሽን ወስጄ እዛው ዚፕ አድርጌ ነው የላክሁት። ዊንዶውሱ ላይ ያ ኩሩ አይከኔ ተራ ቢጫ ፎልደር ሆኖ ነው የታየው፣ ነጥብ አፕ የሚለው እሱ ጋ ምንም ትርጉም የለውማ። ጓደኛዬ ፈታው፣ ነካው፣ ደወለ።

"አልከፈትም አለኝ'ኮ"

"ምን ይላል?"

"አይከፈትም ነው የሚለው፣ ሌላ ምንም አይልም"

ይሄ መልእክት ምንም አይነግርህም። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ዊንዶውስ "ይሄ ፋይል መሮጥ ይችላል" የሚለውን የዩኒክስ ፐርሚሽን አያውቀውም፣ እዛ የተሠራው ዚፕም አልያዘውም፣ ስለዚህ ጓደኛዬ ጋ ሲፈታ ስክሪፕቴ ዝም ብሎ ጽሑፍ ሆኖ ነው የደረሰው። ፎልደር መሆን እዚህ ላይ ያስከፍላል። አንድ ፋይል ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም፣ ፎልደር ግን ሙሉ የደረሰ መስሎ አንዲት ምልክት መንገድ ላይ ጥሎ ሊመጣ ይችላል። ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ፋይል) ላይም ይሄው ነው፣ ፍሬምወርክስ ውስጥ ያሉት ላይብረሪዎች "አሁን የሚሠራው ቨርዥን ያ ነው" ብለው የሚጠቁሙት በሲምሊንክ ነው፣ ሲምሊንክ የማያውቅ መሣሪያ ሲያሸጋግራቸው ወይ ሁለት ሦስት ኮፒ ይሆናሉ ወይ የትም የማይጠቁም ፋይል ይሆናሉ። ማክ አፖች በዲስክ ኢሜጅ፣ ማለትም ዲኤምጂ በሚባለው የሚዞሩበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ጠቅላላ ዲስኩን ከነፐርሚሽኑ ጠቅልሎ ያደርሰዋል።

ተርሚናል ከፍቶ ቺሞድ በሚባለው ትእዛዝ ፐርሚሽኑን እንዲመልስ ነገርኩት። አሁን ተከፈተ፣ ግን አይከኑ አንዴ ዘለለና ጠፋ። ማስታወሻው የለም። "አንተ፣ ይሄ ነገር እኔ ላይ እየቀለደ ነው" አለኝ። ይሄኛው ግን ሙሉ በሙሉ የኔ ጥፋት ነበር። ስክሪፕቱ ውስጥ የማስታወሻውን ቦታ የጻፍኩት ከነሙሉ አድራሻው ነው፣ የኔ ዩዘር ስም፣ የኔ ዴስክቶፕ። እሱ ጋ እንደዛ የሚባል ቦታ የለም። ማስታወሻው እዛው ስክሪፕቱ አጠገብ አንድ ፎልደር ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ስክሪፕቱ ግን የኔን ቤት ፍለጋ ይሄዳል።

ባንድል የሚባለው ነገር እዚች ጋ ነው በትክክል የገባኝ። ፎልደር ስለሆነ አይደለም ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሰው፣ ማንኛውም ፎልደር ይንቀሳቀሳል። የሚንቀሳቀሰው ውስጡ ያለው ፕሮግራም ዕቃውን ሲፈልግ "ከየት ልሂድ" ብሎ ሳይሆን "እኔ የት ነኝ" ብሎ ስለሚጀምር ነው። ስክሪፕት ላይ $0 የምትባለው ነገር የስክሪፕቱን የራሱን ቦታ ትነግራችኋለች፣ ከሷ አንድ ወደ ላይ ወጥቶ ሪሶርስስ ውስጥ ግባ አልኩት፣ አለቀ። እውነተኞቹ አፖችም ይሄንኑ ነው የሚያደርጉት፣ ውስጣቸው ያለው ፕሮግራም ላይብረሪዎቹን የሚጠራበት አድራሻ "ኤክስኪውተብል ፓዝ" ወይ "አር ፓዝ" ብሎ ይጀምራል፣ በተለምዶ የሚሮጠው ፋይል ካለበት ተነስተህ ቁጠር ማለት ነው። ከዴስክቶፕ ወደ አፕሊኬሽንስ ወሰድከው፣ ስሙን ቀየርከው፣ ግድ የለውም። ቦታውን ሁሌም ከራሱ ነው የሚለካው።

አስተካክዬ በኢንተርኔት መልሼ ላክሁለት፣ በዚህኛው ቀጥታ ከማኬ፣ እሱም በዚህኛው በብራውዘር አወረደው። ሦስተኛ ስልክ። አሁን ደግሞ "ከየት እንደመጣ ማረጋገጥ አልተቻለም" አይነት ነገር ይላል። ይሄ ኳራንቲን ነው፣ ብራውዘር ያወረደው ፋይል ላይ በዓይን የማትታይ ምልክት ይለጠፍበታል፣ ጌትኪፐር የሚባለው ዘበኛ (ከ2012 ጀምሮ ነው በር ላይ የቆመው) ምልክቱን ሲያይ መታወቂያ ይጠይቃል። ከ2019ኙ ካታሊና ወዲህ ደግሞ መታወቂያ ብቻም አይበቃም፣ አፑን ለአፕል ልከህ በማሽን ተፈትሾ ኖታራይዝ ሆኖ መምጣት አለበት። ድሮ ራይት ክሊክ አድርጎ "ኦፕን" በማለት ይታለፍ ነበር፣ በ2024ቱ ሴኮያ እሷም ቀረች፣ ሴቲንግ ውስጥ ድረስ ገብተህ ነው ፍቀድልኝ የምትለው። ለሁለት መስመር ስክሪፕት! ግን እውነቱን ልናገር፣ ጓደኛዬ የማያውቀውን ሰው ፎልደር ልክ እንደኔ ሳያነብ እሺ ብሎ ቢከፍት ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስበው ዘበኛውን ብዙም አልጠላሁትም።

አሁን ወደዛ ኮድ ሲግኔቸር ወደሚባለው ፎልደር ልምጣ። ይሄ የሆነው ከሳምንታት በኋላ ነው። በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ክፍት የሆነ አንድ ትንሽ አፕ እጠቀማለሁ፣ እና ሪሶርስስ ውስጥ ስዞር የእንግሊዝኛ ቃላቱ የተቀመጡበትን ፋይል አገኘሁ፣ እድለኛ ሆኜ ተራ ጽሑፍ ነበር፣ በግራ በኩል ቁልፉ፣ የእኩል ምልክት፣ በቀኝ በኩል የሚታየው ቃል። ኮፒ አስቀምጬ "ካንስል" የሚለውን አጥፍቼ "ተወው" ብዬ ጻፍኩ። አፑን ስከፍተው ቁልፉ ላይ "ተወው" ይላል! ስቄ አልጠገብኩም፣ ቀኑን ሙሉ የማያስፈልገኝን መስኮት እየከፈትኩ ተወው ስለው ዋልኩ። ለጓደኛዬም ላክሁለታ፣ አልማርም እኔ።

እሱ ጋ የመጣው መልእክት ከባድ ነው፣ "አፑ ተበላሽቷል፣ ወደ ትራሽ ውሰደው" ነው የሚለው። እኔ ጋ ይሠራል፣ እሱ ጋ ቆሻሻ ነው፣ አንድ አይነት ፎልደር። ተርሚናል ላይ ኮድሳይን በሚባለው ትእዛዝ አረጋግጥልኝ ስለው የታሸገ ሪሶርስ ጠፍቷል ወይም ልክ አይደለም አለኝ፣ ከሥሩም የነካሁትን ፋይል ከነስሙ አስቀመጠው። በኮድ ሲግኔቸር ፎልደር ውስጥ ያለው ፋይል የአፑ ዕቃዎች ዝርዝር ነው፣ ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን ከይዘቱ የተሰላ ሀሽ፣ እንደ አሻራ ያለ ኮድ፣ ተጽፏል፣ አንድ ፊደል ብትነካ ሀሹ አይገጥምም። ዝርዝሩ ራሱ ደግሞ በፊርማው ተዘግቷል። የኔ ማሽን ላይ የሠራው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው፣ ኮፒዬ የኳራንቲን ምልክት የለበትም፣ ስለዚህ ሪሶርሱን ፋይል በፋይል ልቁጠር ያለ የለም። እሱ ጋ ግን ከኢንተርኔት ስለመጣ ዘበኛው ቆጠረ።

አንድ ነገር ግን ደስ አለኝ። ዝርዝሩን ገልጬ ሳየው ሕግ አለው፣ የቋንቋ ፎልደሮቹ ላይ "ባይኖሩም ችግር የለም" የሚል ተጽፏል። ማለትም የማትናገራቸውን ሠላሳ ቋንቋዎች ቦታ ለመቆጠብ ብታጠፋቸው ማኅተሙ አይሰበርም፣ ያለውን ከቀየርከው ግን ይሰበራል። መጉደል ይፈቀዳል፣ መለወጥ አይፈቀድም። ይሄን የጻፈው ሰው አስቦበታል።

እስካሁን ባንድሉን ሳሞግስ ነው የቆየሁት፣ ሌላውም ወገን ግን አለው። ሊኑክስ ላይ በተለምዶ አንድ ፕሮግራም ተበትኖ ነው የሚቀመጠው፣ የሚሮጠው አንድ ቦታ፣ ላይብረሪው ሌላ ቦታ፣ አይከኑ ሌላ፣ የቱ የማን እንደሆነ የሚያስታውሰው ፓኬጅ ማናጀሩ ነው። ለማክ ሰው ዝብርቅርቅ ይመስላል፣ ግን ላይብረሪው የጋራ ነው። በ2014 ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥር ላይብረሪ ላይ ኸርትብሊድ የሚባለው ቀዳዳ ሲገኝ ላይብረሪውን ከሲስተሙ የሚጋሩት ፕሮግራሞች አንዱ ፓኬጅ አፕዴት ሲደረግና እነሱም ሪስታርት ሲሆኑ በአንዴ ዳኑ፣ የራሱን ኮፒ ውስጡ ይዞ የሚዞር ግን ሠሪው እስኪያስታውሰው ይጠብቃል። በ2023 መስከረም ላይ ሊብዌብፒ የሚባለው የሥዕል ላይብረሪ ላይ ሌላ ቀዳዳ ተገኘ፣ ኤሌክትሮን (አፕን በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ መሥሪያ) ላይ የተሠሩ አፖች ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክሮሚየም፣ ማለትም ክሮም የተሠራበትን ብራውዘር፣ በሆዳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት፣ ስለዚህ አንዱ ብራውዘርህ ዳነ ማለት ቻቱም ኤዲተሩም ዳኑ ማለት አይደለም፣ በየተራ ነው የጠበቅናቸው። አንድ ቻት አፕ ለምን መቶዎች ሜጋባይት እንደሚሆን የገረማችሁ ካላችሁ ፓኬጅ ኮንቴንትሱን ከፍታችሁ ፍሬምወርክስ ውስጥ ግቡና እዩ፣ ብራውዘር ነው የምታገኙት፣ ቻቱ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ጓዝን ይዞ መዞርና ተጋርቶ መኖር፣ ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው፣ ሊኑክሶችም ራሳቸው አልተስማሙም። አፕኢሜጅ የባንድሉን ሐሳብ ይወስድና ፎልደሩን በሙሉ ጨምቆ ስኳሽኤፍኤስ የሚባል የታመቀ የዲስክ ምስል አድርጎ በአንድ ፋይል ከፊቱ ትንሽ ማስነሻ ይሰፋለታል፣ ሲነካ ፎልደሩ እንደ ዲስክ ይገጠማል፣ ውስጡ አፕራን የሚባል ፋይል ይጠራል። የማክ ተቃራኒ ማለት ነው፣ ማክ ፎልደሩን ፋይል ያስመስለዋል፣ አፕኢሜጅ ደግሞ እውነትም ፋይል ነው፣ ሲከፈት ግን ፎልደር ይሆናል። ፍላትፓክ መሀል ላይ ነው፣ ትልልቁን ራንታይም (ብዙ አፖች የሚጠቀሙበት የላይብረሪዎች ስብስብ) ያጋራል፣ የቀረውን አፑ ይዞ ይመጣል። እኔ ከተጠየቅኩ ልቤ ወደ ፍላትፓኩ ያደላል፣ እጄ ግን ሁሌም የሚያወርደው አፕኢሜጅ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ፋይል ነዋ።

ዊንዶውስን ባጭሩ ልለፈው። እዛ አይከኑም ዲያሎጉም እዛው ኤግዚኪውተብሉ ውስጥ ይቀበራል፣ ዲኤልኤል (የዊንዶውስ ላይብረሪ) ሲፈለግ መጀመሪያ ከሚታዩት ቦታዎች አንዱ ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር ነው፣ ስለዚህ "እኔ የት ነኝ" የሚለው ሐሳብ እዛም አለ። ያበላሸው ሬጂስትሪው፣ የሲስተሙ የጋራ የሴቲንግ መዝገብ ነው፣ ፕሮግራሙ ግማሽ ሕይወቱን እዛ ስለሚተው ፎልደሩን ብቻ አንስተህ መሄድ አትችልም። ስልክ ላይ ያሉትም ዘመዶች ናቸው፣ የአንድሮይድ ኤፒኬ ስሙን ቀይራችሁ ብትከፍቱት ዚፕ ነው፣ የአይፎኑ አይፒኤም ዚፕ ነው፣ ስትፈቱት ፔይሎድ የሚል ፎልደር፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ያው የምናውቀው ነጥብ አፕ ፎልደር።

"ጎትተህ ትራሽ ውስጥ ጣለው፣ ጠፋ" የሚባለውም ግማሽ እውነት መሆኑን ቆይቼ ነው ያወቅኩት። የምትጥለው ባንድሉን ነው። አፑ ሲሠራ የጻፈው ነገር፣ ሴቲንጉ፣ ካሹ፣ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ላይብረሪ በሚባለው ፎልደር ሥር በዛ በተገለበጠው መታወቂያ ስም ተቀምጦ ይቀራል። መጀመሪያ ሳየው ዝርክርክነት መስሎኝ ተናድጄ ነበር፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም፣ አፕዴት ሲመጣ አሮጌው ባንድል በሙሉ ተነስቶ በአዲሱ ይተካል፣ የናንተ ሥራ ውስጡ ቢሆን አብሮ ይሄዳል። ማኅተሙም ይሰበራል በዛ ላይ።

ይሄን ስጽፍ የኔ አፕ ትዝ አለኝ። ማስታወሻዎቼን ሪሶርስስ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳቸው፣ በየቀኑም እዛው እየጻፍኩባቸው ነው፣ ማለት አሁን የነገርኳችሁን ሕግ በየቀኑ እየጣስኩ ነው። ፊርማ ስለሌለው የሚሰበር ማኅተም የለውም፣ ተዉት። ጓደኛዬ ኮፒው አሁንም አለው፣ እሱ ጋ ያለው ማስታወሻ የዛን ሳምንት ነው፣ አፕዴት ላክልኝ ይለኛል እየቀለደ። አይከን አልሠራሁለትም እስካሁን፣ ያው ምንም የሌለበት ባዶ አይከን ነው፣ ግን የክልክል ምልክቷ ጠፍታለች።